ወደ መንገድ የሚወጣው ማን ነው?

ጥቅምት 6

ለወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእማዬን፣ የባለቤትህንና የልጅህን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርግልኝ። በሥራ ብዛት ነው ብዬ ልጽፍ ከጀመርኩ በኋላ እውነት አለመሆኑን ስላየሁ ሰርዤዋለሁ። የዘገየሁት ለጠየቅኸኝ ጥያቄ በአንድ ቃል የሚያልቅ መልስ ስላጣሁለት ነው።

በደብዳቤ እንድንነጋገር የመረጥኩበትን ምክንያት መጠየቅህ ተገቢ ነው። በስልክ ስንገናኝ አንተ ትቀልዳለህ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ በመጨረሻም ስለ እማዬ ጉልበት አውርተን እንዘጋለን። ይህ ጉዳይ በቀልድና በቁጣ መካከል እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። ሌላም ምክንያት አለኝ። የምገመግመው ሥራ የገዛ ወንድሜ ሥራ መሆኑን ለአማካሪዬ ለፕሮፌሰሩ ገና ከመነሻው አስታውቄአለሁ፤ እሳቸውም እያንዳንዱን ስሌት አንተን የማያውቅ ባልደረባዬ ለብቻው እንዲደግመው አድርገዋል። በእኔና በአንተ መካከል የሚባለው ሁሉ ሌላ ሰው ቢያነበው የማያሳፍር እንዲሆን እሻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። «የመንገድ ሰው» የምትሉት አሠራር አምቡላንሶቻችሁን አፍጥኗል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ አፍጥኗል። ቤቶቹ ቁጥር፣ መንገዶቹም ስም በሌላቸው ሰፈሮች ውስጥ ደዋዩን «አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ላኩና መኪናውን ይቀበል» ማለታችሁ ሹፌሮቹን ከመንከራተት አድኗቸዋል። ባልደረባዬም ደግሞ አስልቶ ያገኘው ይህንኑ ነው። በጥር ስብሰባ አሠራሩ በሁሉም ጣቢያዎች እንዲታዘዝ፣ አንተም ከጥሪ ክፍሉ ኃላፊነት ወደ አጠቃላይ የሥልጠና ኃላፊነት እንድትዛወር መታሰቡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከንክኖኛል። ፈጥናችሁ ከደረሳችሁላቸው መካከል ብዙ ደም ይፈስሳቸው የነበሩትና ራሳቸውን የሳቱት ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ ሁኔታቸው ከቀድሞው የተሻለ መሆን ነበረበት። አልሆነም። እንዲያውም በጥቂቱ የባሰ ነው። እጁ ለተሰበረ ሰው ወይም ምጥ ለያዛት ሴት ልዩነት የለም፤ ደም ለሚፈስሰው ግን አለ። ቶሎ መድረስ ሰውን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል ባወጣ ባወርድ አልገባኝም። ቦታውን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህና የሚታይህን ምክንያት ሁሉ ጻፍልኝ። የማይመስልህንም ጭምር።

እኅትህ


ጥቅምት 21

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት እንደ ወትሮው ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘላትን እንቅስቃሴ የምትሠራው ሐኪሙ ፊት ብቻ ነው።

አልተቀየምኩም። ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነብበው ተቀይሜ ነበር፤ ደግሜ ሳነብበው ቅያሜው ወደ ጉጉት ዞረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በላክሽው ወረቀት ላይ አሠራሩ ከምን እንደ ተነሣ ለጠየቅሽኝ መልሱ አጭር ነው። አንዲት እናት ልጇ ራሱን ስቶባት ደወለች። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። መኪናው ሰፈሩ ውስጥ ገብቷል፤ ቤቱን ግን አላገኘውም። በስልኩ ውስጥ የራሳችን መኪና ጩኸት ይሰማኛል፤ ቀረበ፣ ይበልጥ ቀረበ፣ ከዚያ እየራቀ ሄደ። ሴትየዋ «መጡ» አለች። ቀጥላ «አለፉ» አለች። ልጁ ዳነ። ያ «አለፉ» ያለችበት ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። በማግስቱ «አንድ ሰው ወደ መንገድ ላኩ» የሚለውን በትልልቁ ጽፌ ከስልኮቹ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። በሥራ ዘመኔ የፈጠርኩት ነገር ቢኖር ይኸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ጥናትሽ ስለ ስሌት ብቻ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ምክንያት ካልሽኝ፣ የመጀመሪያው የሚታየኝ ይህ ነው። ዱሮ በጠና የተጎዳ ሰው በታክሲ ነበር የሚጫነው፤ አሁን ስላመኑን ለእኛ ይደውላሉ። የባሰበትን የምናመጣው የባሰበት ስለሚደወልልን ይሆናል። ደግሞም ጥሪ ተቀባዮቹ ለከባዱ ሕመምተኛ መኪናውን አስቀድመው ያስነሣሉ፤ ያኔ ፍጥነትና ክፋት አብረው ቢገኙ ምን ይገርማል?

ሦስተኛው ምክንያት ሹፌራችን ነው። «ዝግታ» እንለዋለን፤ ሲዘገይ ያየው ሰው ስለሌለ ነው። ምናልባት በመንገጫገጩ የታሰረ ቁስል ይፈታ ይሆናል ብዬ ራሱን ጠየቅኩት።

«ፈጥኖ መድረስ ሰው ይጎዳል የሚል ጥናት መጥቷል» አልኩት።

«ጥናቱን ያጠናችው ሴትዮ ትምጣና እኔው ራሴ ላሳፍራት፤ ከዚያ ትመስክር» አለኝ።

«እኅቴ ናት።»

«እንግዲያው ከጎኔ ነው የማስቀምጣት» አለና መስተዋቱን መወልወሉን ቀጠለ።

ያለኝ ይህ ነው። ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለእማዬ፣ ሐኪሙ ፊት ብቻ የሚሠራ እንቅስቃሴ የሚጠቅመው ሐኪሙን ብቻ መሆኑን ንገርልኝ።

ያቀረብካቸውን ምክንያቶች በየተራ ፈትሸናቸዋል። የጉዳታቸው መጠን ተመሳሳይ የሆኑ ሰዎችን፣ አሠራሩ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ፣ ጎን ለጎን አድርገን አነጻጸርን። የባሰበት መደወሉም ሆነ ለከባዱ ሕመምተኛ መኪና መቅደሙ ልዩነቱን በከፊል እንኳ አያስረዳም። ሹፌሮቹንም አነጻጸርን። ዝግታ ከሌሎቹ በምንም አይለይም፤ ከጥርጣሬ ነፃ መሆኑን ከሰላምታዬ ጋር አድርስልኝ።

ያልጠበቅኩትን ያየሁት ይህን ሁሉ ካወጣሁ በኋላ ነው። ልዩነቱ ያለው አጠገብ ያለ ሰው በእጁ አንድ ነገር ሊያደርግ በሚችልበት ጉዳት ላይ ብቻ ነው። ደም የሚፈስስ ቁስል በእጅ ተጭነው ሊያቆዩት ይቻላል። ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ አስተኝተው ትንፋሹን መጠበቅ ይቻላል። የተሰበረን አጥንት ግን መንካቱም አይመከርም፤ ምጡም በጎረቤት እጅ አይፋጠንም። እንግዲህ ነገሩ የሚመስለው፣ አሠራሩ ከመጣ ወዲህ ከሕመምተኛው አጠገብ አንድ እጅ የጎደለ ያህል ነው።

የማን እጅ? እዚህ ላይ ሁለታችንም ጠይቀነው የማናውቀው ጥያቄ አለ። «አንድ ሰው ላኩ» ስትሉ የሚወጣው ማን ነው? የሚቀረውስ? በየትኛውም መዝገባችሁ ላይ ስለዚህ አንድም ቃል አልሰፈረም፤ የእኔም መጠይቅ አልጠየቀውም። የተቀዱት ጥሪዎች ግን አሉ። የዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንድናዳምጣቸው ፈቅዶልናል፤ የእናንተም መሥሪያ ቤት ተስማምቷል። እኔ ከዚህ አዳምጣለሁ፣ አንተም ከዚያ አዳምጥ። የሰማኸውን እስክትጽፍልኝ ድረስ የሰማሁትን አልነግርህም።

እኅትህ


ኅዳር 18

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጥሪዎቹን ማዳመጥ ከመጀመሬ በፊት ያደረግኩትን ነገር ልንገርሽ፤ ምናልባት በአንቺ ዘንድ እንደ ጥናት አይቆጠርም። እሑድ ዕለት ቤተ ሰቡ ሁሉ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ጠየቅኳቸው። አጎታችንም መጥቶ ነበር።

«እንበልና እኔ እዚህ ወድቄአለሁ፤ ከእግሬ ደም ይወርዳል። ደወላችሁ። አንድ ሰው ወደ መንገድ ላኩ ተባላችሁ። ማን ይወጣል?»

«ምግብ ላይ ደም አታንሣብን» አለች እማዬ።

«እኔ ነኛ» አለች ባለቤቴ። «ሌላ ማን ይሮጣል?»

ልጄም «እናቴ ናት። እሷ ሰው ስትጣራ ማዶ ሰፈር ያሉት ሁሉ አቤት ይላሉ» አለች።

«ስልኩንስ የያዘው ማን ነው?»

«እኔው» አለች ባለቤቴ። «አንተ ወድቀህ እነዚህ ሊደውሉልህ ነው?»

«እሺ፤ ቁስሉንስ ማን ይዞታል?»

ይኸኔ ሁሉም ወደ አጎታችን ዞሩ። ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ሆኖ መርፌ ጣቱን በወጋው ቁጥር ወንበር ፈልጎ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ።

«እኔን አትዩኝ» አለ። «እኔን ወደ መንገድ ላኩኝ። መንገድ ዳር መቆም ማን ያቅተዋል?»

«አንተማ አምቡላንሱን ሰላም ብለህ ታሳልፈዋለህ» አለችው እማዬ።

ሳቅን። ባለቤቴ ግን ሳቋን አልጨረሰችም። ትምህርት ቤቷ ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነች እሷ ብቻ እንደሆነች ታስታውሻለሽ። ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ቆይ፤ እኔ ከወጣሁ አንተን ማን ይዞሃል?» አለችኝ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ዐረፍተ ነገር በስንት ሥልጠና ላይ አንብቤዋለሁ፤ «አንድ ሰው» የሚለውን ሰው ሁሉ «ከመካከላችሁ የተሻለው» ብሎ እንደሚሰማው አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ ከሬዲዮ ጋር ማዳመጥ ጀመርን። ሬዲዮ የጥሪ ክፍላችን አንጋፋ ናት፤ ድምፅዋ ሰልችቶት ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣላት። ሦስት ጠረጴዛ ባለበት፣ መስኮቱ በማይከፈተው ክፍል ውስጥ አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለን ተቀመጥን። ጥሪ ከጥሪ ሳንመርጥ ሰማን። የሚደውለው ከቤቱ ሰው ሁሉ የረጋው ነው፤ ከበስተጀርባው ሌሎች ሲያለቅሱ ይሰማል። ሬዲዮ «አንድ ሰው ወደ መንገድ ላኩ» ትላለች። ያ የረጋው ሰው «እሺ፣ እኔ እወጣለሁ» ይላል። ከዚያ የሚሰማው ልቅሶው ብቻ ነው።

ሬዲዮ ማዳመጫውን አወለቀችና «የሚያናግረኝን ሰው እኔው ራሴ ሳባርረው ኖሬአለሁ» አለች።

አንድ ጥሪ ግን መሐል ላይ ሲደርስ አቋርጬ ተነሣሁ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ወንድምሽ


ኅዳር 28

ለወንድሜ፣

አጭር መልእክትህ ትናንት ደረሰኝ። የሰላምታ ቃል ስላልነበረበት ምን ያህል እንደ ተጨነቅህ ገባኝ።

የጠየቅከኝን ማድረግ አልችልም። ውጤቱን ከጥር ስብሰባ በኋላ እንዳወጣው መለመንህ በአንተ ቦታ ያለ ማንኛውም ሰው የሚለምነው ነው፤ ስለ ጠየቅከኝም አላዘንኩብህም። ነገር ግን ስብሰባው አሠራሩን በሁሉም ጣቢያ እንዲታዘዝ ካደረገ በኋላ የሚወጣ ውጤት ለማን ይጠቅማል?

በሌላ በኩል፣ እኔ ካለኝ ማስረጃ አልፈህ እንዳትሄድም አሳስብሃለሁ። የምሳ ጠረጴዛ ጥናት አይደለም፤ በዚህ ላይ ልክ ነህ። አንተና ሬዲዮ በአንድ ማዳመጫ የሰማችሁትም ጥሩ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም፤ ምን እንደምትፈልጉ እያወቃችሁ ነው ያዳመጣችሁት። እኔም እንደዚያው። ስለዚህ ምን እንደምንፈልግ ያልተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጥሪዎቹን እንደ አዲስ እንዲሰሙ አድርጌአለሁ። ማን ደወለ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን ብቻ ይጽፋሉ።

የሥልጠና ኃላፊነቱን እንዳታጣው ምኞቴ ነው። ይህን ምኞቴን ለፕሮፌሰሩ ነግሬአቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ምኞትሽንም በጽሑፍ አስፍሪው» ብለውኝ አስፍሬዋለሁ። እኔ በጥናት ወረቀት ከመናገሬ በፊት አንተ በገዛ አፍህ የምትናገርበት ጊዜ አለህ። ይህን የምልህ ልመክርህ ፈልጌ ሳይሆን፣ ጊዜው በእጅህ መሆኑን እንድታየው ብቻ ነው።

ያቋረጥከው ጥሪ የትኛው ነው?

እኅትህ


ታኅሣሥ 9

ለእትዬ፣

ያለ ሰላምታ ስለ ላክሁብሽ መልእክት ይቅርታ አድርጊልኝ። እማዬ ብታውቅ ከአንቺ በላይ ትቆጣኝ ነበር።

ያቋረጥኩት የአናጺውን ሚስት ጥሪ ነው። ታሪኩን በከፊል ታውቂዋለሽ፤ ባለፈው ዓመት በላክሁልሽ የሥልጠና ጽሑፍ ላይ «ምሳሌያችን» ብዬ የጻፍኩላት ሴት እሷ ናት። ባለቤቷ ቤታቸው ጓሮ በሚሠራበት የእንጨት መጋዝ ጭኑን ተቆረጠ። እሷ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናዋን የወሰደችው ከእኛ ጣቢያ ነው፣ ያሠለጠንኳትም እኔ ነኝ። በቤቱ ውስጥ ከእነሱ ሌላ የነበረው የባለቤቷ ታላቅ ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ምርኩዝ የማይራመድ ሽማግሌ። ወደ መንገድ ውጡ ስትባል ሌላ የሚወጣ አልነበረም። ሮጠች። መንገዱ መሐል ቆማ መኪናውን አስቆመች፣ ከፊት እየሮጠች መራችው። ከዚያ በፊት ወደዚያ ሰፈር እንዲህ ፈጥነን ደርሰን አናውቅም። ሰውየው ግን ሆስፒታል ሳይደርስ ዐረፈ።

ከዚያ ወዲህ በየሥልጠናው ላይ ያቺን ሴት አነሣለሁ። «ባሏን ለመታደግ እንዲህ ነው የሮጠችው» እላለሁ። አሁን ጥሪውን ስሰማው፣ መጀመሪያ ላይ «እጄን ቁስሉ ላይ አድርጌ ተጭኜዋለሁ፤ እየቀነሰ ነው» ትላለች። ከዚያ የእኛ ዐረፍተ ነገር ይመጣል። ከዚያ «እሺ» ትላለች።

የላክሽልኝ አዲሱ የቃለ መጠይቅ ዕቅድ በእንዲህ ያሉ ቤቶች እየሄድን «መኪናውን ለመቀበል ሲወጡ ከሕመምተኛው ጋር ማን ቀረ?» ብለን እንድንጠይቅ ያዝዛል። ሌላውን ቤት ሁሉ እጠይቃለሁ። እሷን ግን እንዴት ብዬ? ይህን ጥያቄ መጠየቅ መንገር ነው። አውቃ ካልሆነ፣ የምታውቀው ከእኔ አፍ ሊሆን ነው። አውቃ ከሆነ ደግሞ እስከ ዛሬ ለብቻዋ ይዛው ኖራለች ማለት ነው። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። አንቺ የምታውቂ ከሆነ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 19

ለወንድሜ፣

ደህንነትህን እመኛለሁ። ለጥያቄህ በማወቅ የምሰጠው መልስ የለኝም፤ የማውቀውን ከማላውቀው ለይቼ ልጻፍልህ።

ሁለቱ አዳማጮች ጨርሰዋል። ሁለቱም፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ የጻፉት ይቀራረባል። በአብዛኞቹ ቤቶች ወደ መንገድ የወጣው ደዋዩ ራሱ ነው፤ ደዋዩም ከቤቱ ሰው ሁሉ የረጋው ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ በኋላ ጥርጣሬያችንን ግኝት ብለን ልንጠራው እንችላለን።

ጉዳዩን፣ ስሟን ሳልጠራ፣ ለኮሚቴው አቅርቤዋለሁ። ያቺ ሴት ከቃለ መጠይቁ ብትቀር ጥናቱ አይጎድልም ብለዋል፤ እኔም እስማማለሁ። ስለዚህ ለጥናቱ ሲባል ወደ እሷ መሄድ የለብህም። ለሌላ ምክንያት መሄድ ካሰኘህ ያ የአንተ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን መጠይቅ ይዘህ አትግባ፣ ከጥናቱም ጀርባ አትደበቅ።

የማላውቀው ደግሞ ይህ ነው። ዐረፍተ ነገሩ በምን ይተካ? አጎታችን ሳያስበው ጥሩ ነገር ተናግሯል፤ የሚፈራውን ሰው መንገድ ላይ ማቆምና የረጋውን ማስቀረት ይቻላል። የአናጺው ቤት ግን ለዚህ አይመችም፤ እዚያ የሚመረጥ ሰው አልነበረም። እንዲህ ባለ ቤት ማንም ባይወጣ፣ መኪናውም ትንሽ ቢንከራተት ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ማመን ብቻ ነው፤ ገና አልለካሁትም። «አለፉ» ያለችውን እናት የሰማኸው አንተ ነህና፣ ማንም አይውጣ ብሎ ማዘዝ ምን እንደሚያስከፍልም ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ።

ስብሰባው ሲያልቅ የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ።

እኅትህ


ጥር 11

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ? ስብሰባው አልቋል። ለምን በስልክ እንዳልነገርኩሽ አሁን ይገባሻል።

ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ፣ አሠራሩ አሁን ባለበት ሁኔታ በየጣቢያው እንዳይታዘዝ ጠየቅኩ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀና «ይህ የአንተው ሐሳብ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነው አልኩት። «ታዲያ በራስህ ላይ ነው የምትመሰክረው?» ሲል አዳራሹ ሳቀ። ስቀው ሲጨርሱ የሰማናቸውን ጥሪዎች ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ውሳኔው ጥናትሽ እስኪወጣ ተላልፏል፤ የሥልጠና ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ባለቤቴ «አንተም አረፍክ፣ እኛም አረፍን» ብላኛለች። እማዬ ግን የተሾመውን ሰው ሳታየው ጠልታዋለች።

በእኛ ጣቢያ ጽሑፉን ከግድግዳው አንሥቼዋለሁ። ሬዲዮ አሁን የምትለው «እጁ ቁስሉ ላይ ያለ ሰው አይነሣ» ነው፤ ከዚያ «ሌላ ሰው አለ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ካለ «የፈራው ይውጣ» ትላለች። ይሠራ አይሠራ ገና አናውቅም። ለክተሽ ንገሪን።

ከስብሰባው በኋላ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ወረፋ ጠብቄ ባንኮኒው ጋ ስደርስ «ማዘዣ ይዘዋል?» አለችኝ። አልያዝኩም አልኳት። አወቀችኝ። ከኋላዬ የነበረውን ደንበኛ አስተናግዳ ጨረሰችና ጎን ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«በየሥልጠናው የእኔን ነገር ታነሣላችሁ ይሉኛል» አለች።

«እናነሣለን።»

«ምን ብላችሁ?»

«በጥሩ ነው የምናነሣዎት።»

«እሱ ነው የማይገባኝ። ባሌ የሞተበት ቀን በጥሩ የሚነሣው እንዴት ተደርጎ ነው?»

ከእንግዲህ እንደማናነሣት፣ ዐረፍተ ነገሩንም እንዳነሣነው ነገርኳት። ለምን አነሣችሁት አላለችኝም። እጆቿን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ አየቻቸውና «ብቀር ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አለችኝ።

አልጠየቅኳትም፣ እትዬ። የጠየቀችኝ እሷ ናት። ጥያቄውም ለእሷ አዲስ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ተጠይቆ የለሰለሰ ጥያቄ ነበር። እኅቴ ናት ጥናቱን የያዘችው አልኳት። «እንግዲያው እሷ ትጻፍልኝ፤ እርስዎ ያዝኑልኛል» አለች። ሌላም ነገር ጠይቃለች። የዚያን ቀን ጥሪ መስማት ትፈልጋለች። እኔ እስካሁን አልጨረስኩትም። ሬዲዮ ግን እስከ መጨረሻው ሰምታ ወደ ግቢው ወጣች፤ ምን እንደሰማች አልነገረችኝም። አንቺም ሰምተሽዋል።

እባክሽ ጻፊላት። እኔ የሚገባኝ ዓይነት ሳይሆን እሷ የሚገባት ዓይነት ጻፊ።

ወንድምሽ


ጥር 24

ለተከበሩ እመቤት፣

እኔ የጥሪ ክፍሉ ኃላፊ ታላቅ እኅት ነኝ፤ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የታመመ ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ስለሚደረግለት እርዳታ አጠናለሁ። በባለቤትዎ ዕረፍት የተሰማኝን ኀዘን ዘግይቼም ቢሆን እገልጻለሁ። ጥያቄዎን ወንድሜ ነግሮኛል። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ይዘቱን ኮሚቴያችን ተመልክቶ ፈቅዷል፤ ጥሪው የእርስዎ ስለሆነ የመስማት መብቱም የእርስዎ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ «አላውቅም» የሚል ነው። ይህን የምለው ከጥያቄው ለመሸሽ አይደለም። እንዲህ ያለ ቁስል ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል እጅ ሳይለያቸው ተጭኖላቸው የተረፉ አሉ፤ ተጭኖላቸውም ያልተረፉ አሉ። ጥናታችን ስለ ብዙ ሰዎች አንድ ነገር ይናገራል፤ ስለ አንድ ሰው ግን መናገር አይችልም። «አይተርፉም ነበር» የሚልዎት ሰው ቢኖር ሊያጽናናዎት ፈልጎ ነው። «ይተርፉ ነበር» የሚልዎትም የማያውቀውን ነው የሚናገረው።

የማውቀውንም ልጻፍ። የታዘዙትን ነው ያደረጉት፤ ያዘዘዎት ሊያምኑት የሚገባ አካል ነበር። ትእዛዙ ጎዶሎ ነበር። ጉድለቱን ልናየው ይገባን የነበርን እኛ ነን፤ ወንድሜ ከጻፈው በኋላ፣ እኔም ማጥናት ከጀመርኩ በኋላ፣ ማን ይወጣል ማንስ ይቀራል ብለን ሳንጠይቅ ብዙ ጊዜ አሳልፈናል። ይህ በጥናቱ ላይ ተጽፏል፤ የእርስዎ ስምም ሆነ ታሪክ ግን የለበትም።

ጥሪውን በፈለጉት ቀን ከጣቢያው መስማት ይችላሉ። ሳያውቁት የሚያገኙት ነገር እንዳይኖር በውስጡ ያለውን አስቀድሜ ልንገርዎት። መጀመሪያ የሚሰማው የእርስዎ ድምፅ ነው፤ የረጋ ነው። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይወጣሉ። መስመሩ ክፍት ስለቀረ የቤቱ ድምፅ ተቀድቷል። መጋዙ ገና እየዞረ ነው፤ የባለቤትዎ ታላቅ ወንድም ሲያጠፉት ይሰማል። ቀጥሎ ባለቤትዎ ይናገራሉ። ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ቃሉ ግን ግልጽ ነው። ትክክለኛውን ለማግኘት ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ።

«ወጣች?» ይላሉ።

«ወጥታለች» ይላሉ ወንድማቸው።

«ጫማ አድርጋለች?»

«አላየሁም።»

«መንገዱ ጠጠር ነው።»

ከዚያ በኋላ መኪናው እስኪደርስ ድረስ የሚሰማ ንግግር የለም።

ስለዚያ ቀን እኛ ብዙ ነገር ለክተናል። ባለቤትዎ የጠየቁትን ግን የለካው የለም፤ መልሱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር